ጥሩ አድማጭ መሆን፦ መልሳችን ቀድሞ ሲመጣ ምን እናጣለን?

«አልሰማኸኝም» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ክሱ አይገባውም። ሰምቷልና። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ድገም ቢሉት ይደግማታል፤ ተናጋሪዋ ግን አትረካም። ስለ ማዳመጥ የሚሰጠው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። ዓይን ዓይኑን እይ፣ ራስህን ነቅንቅ፣ ስልክህን አስቀምጥ ይላል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ማዳመጥ ሊጎድል ይችላል። ችግሩ ከጆሮም ከአክብሮትም ይልቅ የጊዜ ጉዳይ ነው፦ ሌላው ሰው እየተናገረ ሳለ የራሳችንን መልስ ማሰናዳት የምንጀምረው መቼ ነው?

በሁለት ተናጋሪዎች መካከል ስንት ጊዜ አለ?

በጣም ትንሽ። በ2009 የወጣና በታንያ ስቲቨርስ የተመራ ጥናት በ10 ቋንቋዎች የተደረጉ ተራ ጭውውቶችን ተመልክቶ፣ አንዱ ጠይቆ ሲጨርስና ሌላው መመለስ ሲጀምር በመካከል ያለውን ክፍተት ለካ። አማካዩ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሆነ፤ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ፈጣኖቹ ጃፓንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ ክፍተታቸው ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ዘገም ያሉት የዴንማርክ ሰዎች ሲሆኑ እነሱም ግማሽ ሰከንድ አልሞሉም።

አሁን ሌላ ቁጥር ከጎኑ እናስቀምጥ። ሰው የአንድን ዕቃ ሥዕል አይቶ ስሙን ለመጥራት 600 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ቀላል ዓረፍተ ነገር አሰናድቶ አፉን ለመክፈት ደግሞ ከአንድ ሰከንድ በላይ ያስፈልገዋል። ለዝግጅት ይህን ያህል ጊዜ የሚያስፈልገው ሰው በሰከንድ አንድ አምስተኛ ከመለሰ፣ ዝግጅቱን የጀመረው ሌላው ገና ሳይጨርስ ነው። የአንጎል ሞገድ የሚለኩ ጥናቶችም ይህንኑ ያሳያሉ፤ መልሱ ከጥያቄው አጋማሽ ላይ የሚታወቅ ከሆነ አንጎል የጥያቄውን ጫፍ ሳይጠብቅ እዚያው ሥራ ይጀምራል።

ነገሩ የዱላ ቅብብል ነው። ተቀባዩ ሯጭ ዱላው እጁ እስኪገባ ቆሞ አይጠብቅም፤ ሰጪው ሲቃረብ ፊቱን ወደ ፊት አዙሮ ይነሣል። ባይነሣ ቡድኑ ይዘገያል፤ አለጊዜው ከተነሣ ደግሞ ዱላው ይወድቃል። ስለዚህ ቀድሞ መዘጋጀትን እንደ ብልግና ማየት ስሕተት ነው። ወሬ ሳይንገዳገድ እንዲሄድ የሚያደርገው እሱ ነው። ጉዳት የሚያመጣው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ተነሥቶ የተቀሩትን ስምንት ዓረፍተ ነገሮች ጀርባ ሰጥቶ መሮጥ ነው።

ቀድሞ መነሣት ምን ያስጥለናል?

መጨረሻውን። ዋናው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ከራሱ ቋንቋ ማየት ይችላል። የዓረፍተ ነገሩ ግስ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ተደረገ አልተደረገ፣ ማን አደረገው፣ መቼ የሚለው ሁሉ ከግሱ ጋር ይመጣል። «ለወንድሜ ስለ ቤቱ ጉዳይ ትናንት ማታ ደውዬ…» እስከዚህ የሰማ ሰው ምን ያውቃል? ቀጣዩ «ነገርኩት» ሊሆን ይችላል። «ላገኘው አልቻልኩም» ሊሆን ይችላል። «ልነግረው ነበር፣ ድምፁን ስሰማ ግን ተውኩት» ሊሆንም ይችላል። ሦስቱም ሦስት የተለያዩ ጨዋታዎች ናቸው። «እና ምን አለ?» ብሎ የዘለለ አድማጭ ሦስተኛውን ምናልባት ዳግመኛ አይሰማውም፤ ተናጋሪው ለማስተካከል ሲል «አይ፣ አልነገርኩትም» ብሎ ያሳጥረዋል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እርግጥ ግምታችን አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። ስለሚይዝም ነው የምናምነው።

ከዓረፍተ ነገር ከፍ ብለን ሙሉውን ንግግር ብናይ ልማዱ ያው ነው። ከባድ ጉዳይ ያለው ሰው ከዳር ይጀምራል፤ ቀላሉን አስቀድሞ የአድማጩን ፊት ያነባል፤ ሸክሙን የሚያወርደው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ በጥንቃቄ የተለካው ሐኪምና በሽተኛ ሲነጋገሩ ነው። በ1984 ሐዋርድ ቤክማንና ሪቻርድ ፍራንክል ባወጡት ጥናት፣ «ምን ልርዳዎ?» የተባለ በሽተኛ በአማካይ 18 ሰከንድ እንደተናገረ በሐኪሙ ጥያቄ ይቋረጣል። ከተቋረጡት 51 ሰዎች መካከል ወደ ጀመረው ነገር ተመልሶ የጨረሰው አንድ ብቻ ነበር። ሐኪሞቹ የያዙት የመጀመሪያውን ቅሬታ ነው፤ የመጀመሪያው ቅሬታ ግን ዋናው ላይሆን ይችላል።

«ከተተወማ ማን ያቆመዋል?» የሚለው ስጋት ትክክል ይመስላል። በ2002 በስዊዘርላንድ ይህ ተፈተነ። ሐኪሞች በሽተኛው ራሱ «ይኸው ነው» እስኪል እንዳያቋርጡ ተደርገው የ335 ሰዎች ንግግር ተለካ። አማካዩ 92 ሰከንድ ነበር። ከ100 ሰዎች 78ቱ በ2 ደቂቃ ውስጥ ጨርሰዋል፤ ከ5 ደቂቃ በላይ የተናገሩት 7 ሰዎች ብቻ ናቸው። ማቋረጥ ያተርፋል የሚባለው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም ማለት ነው።

ሐሳባችንስ ለምን ይሸሻል?

ፍጥነቱ ስለማይመጣጠን። በእንግሊዝኛ ተራ ንግግር በደቂቃ ከ125 እስከ 150 ቃል ይሄዳል፤ ሰው ግን ንግግሩ ተፋጥኖ 250 ያህል ቃል ቢቀርብለትም ይከተላል። (ቃላቸው ረዘም በሚል ቋንቋዎች ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ግን ያው ነው።) በ1950ዎቹ ማዳመጥን ያጠና የነበረው አሜሪካዊው ራልፍ ኒኮልስ ትኩረት የሰጠው ለዚህ ትርፍ ጊዜ ነው። ትርፉ አቅም ሥራ ካልተሰጠው የራሱን ሥራ ይፈልጋል፤ የነገ ቀጠሮ፣ የተናጋሪው ሸሚዝ፣ በተለይ ደግሞ «እኔ ብሆን ኖሮ» የሚለው ሐሳብ።

ሁለቱን አብሮ ማስኬድ የሚቻል ይመስላል፤ አይቻልም። በ1953 ኮሊን ቼሪ በሰዎች ሁለት ጆሮዎች ሁለት የተለያዩ ንግግሮችን አሰምቶ አንዱን ብቻ እንዲከተሉ አደረገ። በሌላው ጆሮ ድምፅ መኖሩን፣ የወንድ ድምፅ ወደ ሴት መለወጡን አስተውለዋል። ቋንቋው ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ መለወጡን ግን አላወቁም። ጆሯችን ያልተከተልነውን ንግግር ድምፁን ያስገባዋል፤ ፍሬ ነገሩን ግን አያደርስልንም። በውስጣችን የምናሰናዳው መልስም እንደ ሁለተኛ ንግግር ነው። በዚያ ላይ በአንድ አፍታ በአእምሯችን ይዘን የምናቆያቸው ነገሮች አራት ያህል ብቻ ናቸው። «ይህን ሳልረሳ ልናገር» ብሎ መልሱን የያዘ ሰው ከአራቱ ቦታ አንዱን፣ አንዳንዴም ሁለቱን ለራሱ ይዟል።

መፍትሔው ትርፉን አቅም ለተናጋሪው ማዋል ነው። ለዚህ የሚረዳ አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፤ ንግግሩ እየቀጠለ ሳለ በልብ የሚጠየቅ፦ «ይህ ሰው አሁን ይህን የሚነግረኝ ምን እንድረዳለት ነው?» መልሱ ባይገኝም አእምሮ ከንግግሩ አይርቅም።

ዝም ማለትስ ማዳመጥ አይደለም?

አይደለም፣ ቢያንስ ብቻውን። በ2000 ጃኔት ባቬላስና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ሙከራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሰዎች ከአደጋ ለጥቂት የተረፉበትን ታሪክ ለማያውቁት ሰው ይናገራሉ። ከአድማጮቹ ገሚሶቹ ሳይታወቅባቸው ሌላ ሥራ ተሰጥቷቸዋል፤ ተናጋሪው በአንድ የተወሰነ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን ሲናገር ይቆጥራሉ። እነዚህ ሰዎች እያንዳንዷን ቃል ሰምተዋል። የተናጋሪዎቹ ታሪክ ግን ተበላሸ፤ በተለይ ልብ የሚሰቅለው መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ያመነታሉ፣ ያለቀውን ይደጋግማሉ፣ ነገሩ በእርግጥ አስጊ እንደነበር ማስረዳት ይጀምራሉ።

የጠፋው ምን ነበር? አድማጭ ሁለት ዓይነት ምላሽ ይሰጣል። አንዱ «እህ»፣ «እሺ»፣ የራስ ንቅናቄ ነው፤ የትኛውም ወሬ ላይ ሊገባ ይችላል፣ «ቀጥል» ከማለት አያልፍም። ሌላው ለዚያ ቅጽበት ብቻ የሚሆን ነው፦ «ውይ!»፣ «እና ፍሬኑ አልያዘም?»፣ የሚኮማተር ፊት። ቃል ሲቆጥሩ የነበሩት ሰዎች በተለይ ይህን ሁለተኛውን መስጠት አቃታቸው፤ ይህ ምላሽ ነገሩን ካልተከታተሉ አይመጣምና። ስለዚህ ጥሩ ታሪክ የሁለት ሰው ሥራ ነው። «እሱ እኮ ወሬ አይችልም» ከማለት በፊት ማን ፊት እንደሚናገር ማየት ይበጃል።

ከየት ይጀመር?

ከትንፋሽ። ተናጋሪው ያቆመ ሲመስል አንዴ ቀስ ብሎ አስገብቶ ማስወጣት 3 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ሜሪ በድ ሮው በ1970ዎቹ በመማሪያ ክፍሎች ያደረገችው ጥናት፣ መምህራን ጠይቀው ለመልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳየ። ወደ 3 ሰከንድ ሲያሳድጉት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» የሚለው ቀነሰ፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መናገር ጀመሩ። በጭውውትም «ጨረሰ» ያልነው ሰው ብዙ ጊዜ በዚያች ዝምታ ውስጥ «እና ደግሞ…» ብሎ ይቀጥላል።

ዝምታ ግን ቦታ አለው። «መኪናህን ነገ ታውሰኛለህ?» የሚል ሰው ፊት አንድ ሰከንድ እንኳ ዝም ማለት «አይሆንም» ተብሎ ይተረጎማል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዝምታውን ስም መስጠት ነው፦ «ቆይ፣ የነገን ፕሮግራሜን ላስብ»። ፈጣን መልስ ለሚበቃው ተራ ጥያቄም ትንፋሽ መቁጠር ያስቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰሙትን በራስ ቃል መልሶ ማሳየት ነው። በ1957 የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ካርል ሮጀርስና ሪቻርድ ፋርሰን «ንቁ ማዳመጥ» ብለው የጻፉበት ዘዴ እምብርቱ ይኸው ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀውም፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እሱን ነው። የሥራ ባልደረባ እንዲህ ይላል እንበል፦ «አዲሱ ኃላፊ ሥራዬን ሁሉ እንደገና ያያል። እኔ እኮ እዚህ 8 ዓመት ሠርቻለሁ።»

«ኃላፊው ሥራህን እንደገና ያያል ማለት ነው?» ቢባል ቃሉን መቅዳት ይሆናል፤ ተናጋሪው «አዎ፣ እሱን እኮ ነው የምልህ» ይላል፣ ይናደዳልም። «ልምድህን ከቁብ እንዳልቆጠረው ነው የተሰማህ?» ማለት ሌላ ነው፤ ከተባለው ጀርባ ያለውን ይፈልጋል። ግምቱ ሊስት ይችላል። «አይ፣ እሱስ ይሁን፤ እኔን ያቃጠለኝ ደንበኛው ሁለት ቀን መጠበቁ ነው» ቢል ዘዴው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሠርቷል፣ ያልነበረን ነገር አግኝተናል። ለዚህም ነው ድምፁ የጥያቄ እንጂ የብያኔ መሆን የሌለበት።

መጠኑም አለው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ የተናጋሪውን ሦስት ደቂቃ በሁለት ደቂቃ የሚመልስ ሰው ተራውን ወስዷል። ጊዜው ወሬው ሲታጠፍ ወይም ሲያርፍ ነው። በየዓረፍተ ነገሩ «እንደገባኝ ከሆነ…» እያለ የሚከተል አድማጭ እንደ መርማሪ ይታያል። አድራሻ፣ ሰዓት፣ የመድኃኒት አወሳሰድ ከሆነ ግን ደንቡ ይገለበጣል፤ እዚያ ቃል በቃል መድገም ግድ ነው።

ጥያቄን በተመለከተ፣ ከተባለው ነገር የሚወጣ ጥያቄ ከቤት ይዘነው ከመጣነው ይሻላል። «ማለት?»፣ «ከዚያስ?»፣ «ምን ስትል ነው ‹ተለወጠ› የምትለው?» እነዚህ አጫጭሮች ከረጃጅሞቹ ይልቅ ያስኬዳሉ። «ለምን» ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ለምን አልነገርሽውም?» ክስ ይሸታል፤ መልሱም መከላከያ ይሆናል። «ልትነግሪው ስትይ ምን ያዘሽ?» ያው ጥያቄ ነው፣ ግን ታሪክ ይጋብዛል። ሁለት ጥያቄ በአንድ ጊዜ መጠየቅ ደግሞ ከንቱ ነው፤ ተናጋሪው ቀላሉን መርጦ ይመልሳል። በጥያቄ ምልክት የተሸፈነ ምክርም አለ፤ «ሥራውን ብትለቅ አይሻልም?» ጥያቄ አይደለም።

ምክር መስጠት ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ይቻላል፦ «መላ እንፈልግለት ወይስ ዝም ብዬ ልስማህ?» አንዳንዶች ይህ ሰው ሠራሽ ይሆንብናል ይላሉ። ልክ ናቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ይሆናል። ተናጋሪው ራሱ መልሱን የማያውቅበት ጊዜም አለ። ቢሆንም ሳይጠየቅ ለተሰጠ ምክር የሚከፈለው ዋጋ ከዚህ ይበልጣል።

«እኔም እኮ…» ማለት ነውር ነው?

እንደ ርዝመቱ። ቻርልስ ደርበር የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1979 ሁለት ዓይነት ምላሾችን ለየ። አንዷ ጓደኛ «ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም» ትላለች። «እኔንም እኮ፤ ከሰኞ ጀምሮ ዓይኔ አልተከደነም» የሚለው ምላሽ ወሬውን ወደ መላሹ ያዞረዋል። «ምን አሳሰበሽ?» የሚለው እዚያው ያቆየዋል። የራስን ገጠመኝ ማንሣት ለብዙ ሰው የማጽናናት መንገድ ነው፤ «ብቻሽን አይደለሽም» ማለት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ኳሱ ከተመለሰ («እኔም አንድ ሰሞን እንዲህ ሆኜ ነበር። አንቺን ምን ነካሽ?») ጥሩ ነው። ካልተመለሰ የወሬ ንጥቂያ ይሆናል።

በሌላው ንግግር ላይ ደርቦ መናገርም ሁልጊዜ ማቋረጥ አይደለም። የቋንቋ ተመራማሪዋ ዴቦራ ታነን እንዳሳየችው፣ አንዳንድ ሰዎች አብረው እየተናገሩ ነው የሚያዳምጡት፤ ለእነሱ ጸጥ ያለ አድማጭ ቀዝቃዛ ነው። ሌሎች ደግሞ ገና ድምፅ ሲሰሙ ተራቸውን ይለቃሉ። የሁለቱ ዓይነት ሰዎች ሲገናኙ አንዱ «አፌን ነጠቀኝ» ይላል፣ ሌላው «አይናገርም» ይላል። መለያው ቀላል ነው፦ ደርበን ስንናገር ተናጋሪው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? ከቆመ እኛም እንቁም፤ «ይቅርታ፣ ቀጥል» ብሎ የመጨረሻ ቃሉን ማስታወስም ያስፈልጋል። «ስለ እናትህ እያልክ ነበር» ካልተባለ መመለስ ይከብደዋል።

ክሱ በእኛ ላይ ሲሆንስ?

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። «ሁልጊዜ ታረፍዳለህ» የተባለ ሰው በ200 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ያላረፈደባቸውን ቀናት መቁጠር ይጀምራል። «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ስሕተት መሆኑን ማስረዳት ይችላል፤ ክርክሩንም ያሸንፍ ይሆናል። የተከፋው ሰው ግን ስለ ስታቲስቲክስ አልተናገረም።

ሮጀርስ በ1952 ለእንዲህ ያለ ጠብ አንድ ደንብ አቅርቦ ነበር፦ ማንም የራሱን ሐሳብ ከመናገሩ በፊት የሌላውን ሐሳብና ስሜት፣ ያ ሰው «አዎ፣ እሱን ነው የምለው» እስኪል ድረስ አስተካክሎ ይናገር። ሲሰሙት የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። ሲሞክሩት ግን የመጀመሪያው ሙከራ ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ የምንመልሰው የተባለውን ሳይሆን ለመልሳችን የሚመቸውን ነው። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሙከራ ላይ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ራሱን ለማሰማት መጮህ የሚያስፈልገው ሰው አይኖርማ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። የሰሙትን ማረጋገጥ መስማማት አይደለም። «ስጠብቅህ ቆሜ የተረሳሁ ያህል ተሰማኝ ነው የምትዪኝ» ያለ ሰው ጥፋቱን አላመነም፤ ነገሩን መያዙን ነው ያሳየው። ሁለተኛ፣ «ገባኝ፣ ግን…» የሚለው አነጋገር ከ«ግን» በፊት ያለውን ሁሉ ይሰርዛል። ማረጋገጫው ተነግሮ፣ አዎንታው ተሰምቶ፣ ከዚያ የራስን ወገን በሌላ ዓረፍተ ነገር መጀመር ይሻላል። ልብ በኃይል እየመታ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ አይሠራም። ያኔ ማስተላለፍ ነው፤ 20 ወይም 30 ደቂቃ፣ መቼ እንደሚመለሱ ተናግሮ። ሰዓት ያልተቆረጠለት «ቆይ በኋላ» ጆሮ ዳባ ልበስ ይመስላል።

የቅርብ ሰውን ማዳመጥ ለምን ይከብዳል?

የምናውቀው ስለሚመስለን። በ2011 ኬኔት ሳቪትስኪና ባልደረቦቹ ባለትዳሮችንና የማይተዋወቁ ሰዎችን ሁለት ትርጉም ያላቸው አነጋገሮችን እንዲፈቱ አደረጉ። ባለትዳሮቹ ከማይተዋወቁት የተሻለ አልተረዱም፤ በመረዳታቸው ላይ የነበራቸው እምነት ግን ከእውነታው የራቀ ነበር። «ቤቱ ሞቋል» ያለችው ሚስት መስኮት እንዲከፈት ነው የፈለገችው ወይስ ሌላ? ከማያውቁት ሰው ቢሰማ ይጠየቃል። ከሚያውቁት ሰው ይገመታል። ለ20 ዓመት አብረን ለኖርነው ሰውም «ምን ማለትሽ ነው?» ማለት ያለብን ለዚህ ነው፤ ያውም ክስ በሌለበት ድምፅ።

«93 በመቶው መልእክት በቃል አይተላለፍም» የሚባለውስ?

በየሥልጠናው የሚጠቀሰው ይህ ቁጥር ከአልበርት መህራቢያን የ1967 ሙከራዎች የመጣ ነው። ሙከራዎቹ ነጠላ ቃላት በተለያየ ድምፅና ፊት ሲነገሩ ሰው ተናጋሪው ይወደው ወይም ይጠላው እንደሆነ በምን እንደሚገምት ነው ያዩት። 7 በመቶ በቃሉ፣ 38 በድምፁ፣ 55 በፊቱ የሚለው ለዚያ ጠባብ ጥያቄ ነው፤ መህራቢያን ራሱም ስለ ንግግር ሁሉ እንዳይወሰድ አሳስቧል። 93 በመቶው እውነት ቢሆን የማናውቀውን ቋንቋ ሰው ፊቱን እያየን እንረዳው ነበር። ፊትና ድምፅ የሚጠቅሙት ከቃሉ ጋር ሲጋጩ ነው። «ደኅና ነኝ» ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ የተከለ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይገባዋል፤ ከዚያ በላይ ፊት ማንበብ ግምት ነው።

በስልክና በቪዲዮስ?

የድምፅ መዘግየት አለ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ ንግግር ያስቀመጠው ልክ በአንድ አቅጣጫ 150 ሚሊ ሰከንድ ነው። ደርሶ መልስ ሲሆን 300 ይሆናል፣ ከተለመደው ክፍተት በላይ ነው። መስመሩ ደካማ ሲሆን ሁለት ሰዎች አብረው ይጀምራሉ፣ አብረው ይቆማሉ፣ ደግሞም ሌላውን ዘገምተኛ ወይም ችኩል አድርገው ያስባሉ። ያረፈደው መስመሩ ነው። መድኃኒቱ ጨርሶ «ጨርሻለሁ» ማለት፣ አድማጩም ከወትሮው ሁለት እጥፍ መጠበቅ ነው። በስልክ ራስ መነቅነቅ ስለማይታይ «እህ» ማለትም ግድ ይሆናል።

ጆሮው ራሱ ሲደክም

«አያዳምጥም» ከሚባሉት አንዳንዶቹ አይሰሙም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንዳወጣው 1.5 ቢሊዮን ያህል ሰዎች በሆነ ደረጃ የመስማት ችግር አለባቸው፤ 430 ሚሊዮኑ ሕክምና ወይም ድጋፍ ይፈልጋሉ። በዕድሜ የሚመጣው ድካም ቀድሞ የሚነካው ቀጫጭን ድምፆችን ነው፤ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ት» ይደበዝዛሉ፣ አናባቢዎቹ ግን ይሰማሉ። ስለዚህ ሰውየው «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይልኝም» ይላል፣ በጫጫታ መሐል ደግሞ ይብስበታል። መጮህ አይረዳም፤ የሚያጎላው የሚሰማውን አናባቢ ነው። ፊትን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ ረጋ ብሎ፣ ያልተሰማውን በሌላ ቃል መናገር ይረዳል። ምርመራውም ቀላልና ሕመም የሌለው ነው።

ማዳመጥ የማይቻልበት ጊዜስ?

አለ፣ ብዙም ነው። በሥራ መሐል፣ በእንቅልፍ እጦት፣ ልጅ እያለቀሰ ግማሽ ጆሮ መስጠት ለሁለቱም ኪሳራ ነው፤ ቃል ሲቆጥሩ በነበሩት አድማጮች እንደታየው ተናጋሪው ምክንያቱን ባያውቅም ወሬው ይበላሽበታል። «አሁን በግማሽ ጆሮ እንዳልሰማህ፣ 11 ሰዓት ላይ ልደውልልህ» ማለት ይሻላል፣ ከዚያ በ11 ሰዓት መደወል። ታላቅ ለሆነ ሰው «አሁን ቸኩዬ በቅጡ እንዳልሰማዎ ፈርቼ ነው፤ ማታ መጥቼ ቁጭ ብዬ ልስማዎት» ቢባል አክብሮቱ ይጠበቃል።

የማያቆም ተናጋሪም አለ። ያን ጊዜ ትንፋሽ መጠበቅ ዋጋ የለውም፣ ትንፋሽ አይወስድምና። ስሙን ጠርቶ፣ የሰሙትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስሮ፣ የቀረውን ጊዜ መናገር ነው፦ «አበበ፣ ስለ መሬቱና ስለ ወንድምህ የነገርከኝን ይዣለሁ፤ ልሄድ 5 ደቂቃ ነው የቀረኝ፣ በዚህ ውስጥ የትኛውን እንጨርስ?» አብዛኛው ሰው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። የማይመርጥም ቢሆን 5ቱ ደቂቃ ሲያልቅ መነሣት ይቻላል፤ አስቀድሞ ተነግሮታል።